ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር፦ አዲስ የስፖርት መኪና ለዕለት ሥራ በደብረ ማርቆስ

ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ ሰው አዲስ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዝቶ ለዕለት የሥራ ጉዞው ሲጠቀምበት የሆነውን ይዘረዝራል። ሰውዬው የአክስቴ ልጅ ነው። መኪናውን ለመግዛት ባሰበበት በ2014 ዓ.ም. ዕድሜው 34 ነበር፤ ትዳር አልያዘም፤ ከአባቱ የተረከበውን የእህል ንግድ የሚያካሂድበት መጋዘን ደግሞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ አማኑኤል ከተማ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የማስተምር በመሆኔ ከመግዛቱ በፊት አማከረኝ፤ ከገዛም በኋላ መኪናው የገጠመውን ሁሉ አብሬው አይቻለሁ። ከኅዳር እስከ ሐምሌ 2015 ያለውን ጊዜ ነዳጁን፣ ጎማውንና ጥገናውን በደብተር መዝግበን ይዘናል። ከዚያ ወዲህ የመንገዱ መዘጋትና መከፈት ከመኪናው ጋር የማይገናኝ ምክንያት ስላለው እዚህ አላስገባሁትም።

የፈለገው መኪና ቶዮታ ጂ አር 86 ነበር። «ጋሼ፣ ሌላ መኪና አታሳየኝ፤ ይህን ብቻ መርምርልኝ» ነበር ያለኝ። ይህን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቅብጠት የሚባል ነገር አልነካውም። 9 ዓመት ሙሉ በአንዲት አሮጌ ቪትዝ፣ የኋላ ወንበሯን አጥፎ ማዳበሪያ ጤፍና ሽንብራ እየጫነ፣ ያንኑ መንገድ ተመላልሷል። እኛ ዘንድ ሰው ለቤት፣ ለከብትና ለሰርግ ያወጣው ገንዘብ ወግ ሲሆን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት ለሚቀመጥበት ነገር ያወጣው ግን እንደ ብክነት ይቆጠርበታል። ይህ አመዛዘን ትክክል አይመስለኝም፤ ስለዚህ ምኞቱን ለማስቀየር ሳልሞክር መኪናውንና መንገዱን ለመመርመር ተስማማሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ጀምሮ የአዲስ የቤት መኪና ኤክሳይዝ እንደ ሞተሩ መጠን ይለያይ ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ ደግሞ 100 በመቶ ይከፈልበት ነበር። የዚህ መኪና ሞተር 2.4 ሊትር ስለሆነ የሚወድቀው ከላይኛው እርከን ነው። ግብሩ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንዴት እንደሚያድግ በወረቀት አሳየሁት። መኪናው ማጓጓዣና መድኑን ጨምሮ 100 ብር ቢያወጣ፣ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርበት 135 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ሲሰላ 270 ይገባል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 310 ብር ከ50 ያደርሰዋል፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከልበት 341 ብር ከ55 ይሆናል። ከመቶው ብር መኪና ላይ 241 ብር ግብር ማለት ነው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆይቶ «እሺ፣ ዋጋውን አውቄ ልግዛው» አለ። ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም፤ ብሩ የራሱ ነው፣ ዕዳም አልገባበትም። ከገንዘቡ ከፊሉን ለመሙላት ግን ቪትዟን ሸጠ፤ በዚያ ጊዜ እኔም ሆንኩ እርሱ ይህን ጉዳይ ብለን አላሰብንበትም።

መኪናው መሪው በስተግራ እንዲሆን ከዱባይ በኩል እንዲመጣ ተደረገ፤ የጃፓኑ ገበያ መኪና መሪ በቀኝ ነውና ለእኛ አይሆንም። በጥቅምት 2015 መንግሥት የግል መኪናን ጨምሮ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የውጭ ምንዛሪ ሲከለክል የእርሱ መኪና ግዢው ተጠናቆ በመንገድ ላይ ስለነበር አልተነካበትም። ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍም አይኖርም ነበር።

ስለ ሞተሩ ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ የነበረው ጉልበቱን ነው። 228 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እርሱ በእኛ ከተማ የሚነዳው 170 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው መኪና ነው። ይህንኑ ቀድሜ ነግሬው ነበርና ቅር አላለውም። ከአንድ ሊትር ቪትዝ ለመጣ ሰው ይህም ብዙ ነው።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ቤንዚኑ ነበር። የዚህ ሞተር የመጭመቅ ምጣኔ 12.5 ለ 1 ነው፤ እንዲህ አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለጊዜው ሳይፈነዳ ግፊት የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍ ያለ ቤንዚን ይፈልጋል፤ በእኛ ማደያዎች ግን ያለው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው። እዚህ ላይ ከፍታው ራሱ ረዳን። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚኑ ያለጊዜው የመፈንዳት ዕድሉ ይቀንሳል። ጉልበታችንን የወሰደው ከፍታ የኦክቴን ጭንቀታችንንም አቀለለልን ማለት ነው። በ8 ወር ውስጥ ሞተሩ ሲንኳኳ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። በአንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቀቅሁት፦ ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው እንዳይቀዳ። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ለአሮጌ ሞተር ጭስና ማንኳኳት ሆኖ የሚያልፈው ነገር በጥብቅ የሚጨምቅ ሞተርን ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። በመጋቢት ሁለት ጊዜ ማደያው ደረቅ ሆኖ መኪናውን ግቢ አቁሞ በሚኒባስ ሄዷል። የሞተር ዘይቱም ቢሆን ቀጭኑ ዜሮ ደብሊው 20 ስለሆነ ማርቆስ ላይ አላገኘነውም፤ ከአዲስ አበባ በሰው ይላካል።

የነዳጅ ፍጆታው የተፈራውን ያህል አልሆነም። በደብተሩ መሠረት በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ይጠጣል፤ ለዕለቱ መንገድ 5 ሊትር ገደማ ነው። ቪትዟ ለዚያው መንገድ 3 ሊትር ትጨርስ ነበር። የ2 ሊትር ልዩነት ከከፈለው ግብር ጋር ሲተያይ የሚወራለት አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ፤ የጉዳዩ ልብ ይህ ነውና። ጂ አር 86 ባዶውን ሲቆም ሆዱ ከመሬት የሚርቀው 130 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው ከመድረሱ አንድ ወር በፊት 13 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ቆርጬ ሁለታችን በሰው መኪና ከማርቆስ እስከ አማኑኤል እየወረድን እየቆምን በየቀበሌው ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ለካን። ጣውላውን ከጉብታው ጎን አቁሞ በዓይን ማየት ብቻ ነው፤ ጉብታው ከጣውላው ከበለጠ የመኪናው ሆድ ይነካል። ሰፊና ተዳፋት የሆነው ጉብታ ችግር የለውም፤ መኪናውን ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ክፉው ጠባቡና ሹሉ ነው፤ የፊት ጎማ ተሻግሮ የኋላው ሳይደርስ ጉብታው በመካከል ይቆማል። በዚያ ቀን ከጣውላው የበለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ነዋሪው ልጆቹን ለመጠበቅ በራሱ እጅ የሠራቸው ናቸው። ልጅ ከመኪና ይበልጣልና በዚህ ማንንም አልወቅስም። ደስ ብሎን ተመለስን።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅማልና በግልጽ ልጻፈው። የለካሁት ባዶ መኪናን በወረቀት ላይ ነበር። መኪናው ከመጣ በኋላ ሁለት ሰው አስቀምጠን፣ ከኋላ 50 ኪሎ የምትሆን አንድ ማዳበሪያ ጭነን እንደገና በሜትር ስንለካው ሞላዎቹ ተጭነው ሆዱ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ጣውላዬ 11 ቢሆን ኖሮ ከሁለት ይልቅ ሰባት ጉብታ ይበልጠው ነበር። ሰባቱን የሚያልፋቸው አሁን በአግድመት ነው፤ ፍጥነቱን ወደ ሰው እርምጃ አውርዶ መኪናውን አዘንብሎ አንዱን ጎማ ካንዱ ቀጥሎ ያወጣል። ይህ ይሠራል፤ ግን ከኋላው ያለው አይሱዙ ጡሩንባ መንፋቱ፣ የጋሪው ፈረስም መደናበሩ አይቀርም።

መኪናውን ከአዲስ አበባ ያመጣነው ራሳችን እየነዳን ነው። 300 ኪሎ ሜትር ከሆነው መንገድ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደብን። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት እየተነሳና እየሰመጠ የተቆለለባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ እዚያ ስንደርስ እኔ ወርጄ ከመኪናው ፊት ፊት እየሄድኩ በእጄ አቅጣጫ አሳይ ነበር። የሕዳሴ ድልድይን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንጀምር መኪናው ለምን እንደተወደደ ገባኝ። ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ስለተጋደሙ ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቧል፤ በየመጠምዘዣው ላይ ቪትዝ የምትዘመምበትን ያህል አይዘምም፤ መሪው መንገዱን ለእጅ ይናገራል። የአክስቴ ልጅ ከደጀን እስከ ሉማሜ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው የበጋ ጊዜ በአስፋልቱ ላይ መልካም ነበር። ድካሙ ቀነሰ፤ ማታ ሲመለስ ወገቡን አይይዝም። በእነዚህ ወራት የከፈለው ትልቁ ወጪ ጎማ ነው። መኪናው የመጣው በ18 ኢንች ቸርኬ ሲሆን ጎማው 215 በ40 ነው፤ ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ግድግዳው የዚያ 40 በመቶ፣ 86 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለት ነው። በጥር አንድ ምሽት ከአማኑኤል ሲመለስ የተቦረቦረ ቦታ ውስጥ ገባና የቀኙ የፊት ቸርኬ ጠርዙ ተቀጨመ። ጎሚስታው ጎማውን አውጥቶ፣ በሳሙና አረፋ እየፈተነ፣ ቸርኬውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ መለሰው፤ ሲጨርስ እጁን ጠርጎ «ይህ ጎማ ለጉድጓድ የሚሰጠው ትከሻ የለውም» አለን። ልክ ነበር። በየካቲት 17 ኢንች ቸርኬና 215 በ45 ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ የጎማው ሙሉ ቁመት ከቀድሞው ጋር በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል፤ የጎን ግድግዳው ግን ወደ 97 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ፍለጋው ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ የቪትዝ ቸርኬ ባለ 4 ቡሎን ሲሆን የዚህኛው ባለ 5 ነውና ከማንም መዋስ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ቸርኬ አልተጎዳበትም። ለማንኛውም እንዲህ ያለ መኪና ለሚገዛ የጎጃም ሰው ከፋብሪካው ጀምሮ ትንሹን ቸርኬ እንዲያዝዝ እመክራለሁ፤ ትልቁ ቸርኬ ለዓይን እንጂ ለመንገዳችን አይደለም።

እኔና እርሱ 30 ኪሎ ሜትሩን አስፋልት ጉብታ በጉብታ ስንለካ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ያለውን 600 ሜትር አልለካንም ነበር። ቤቱ ካለበት ሰፈር ለመድረስ 400 ሜትር ኮብልስቶን አለ፤ ከዚያ 200 ሜትር የጥቁር አፈር መንገድ ነው፤ በበሩ ፊት ደግሞ የዝናብ ውኃ የሚያልፍበት ቦይ አለ። በቪትዝ 9 ዓመት ሲገባና ሲወጣ ስለኖረ ቦዩ ከዓይኑ ጠፍቷል፤ እኔም በእግሬ ተሻግሬው እንጂ በሜትር አይቼው አላውቅም። መኪናው በደረሰ በመጀመሪያው ምሽት የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ሲወርድ የፊት ፓራውልት የታችኛው ከንፈር ከወዲያኛው ጠርዝ ጋር ተገናኘ፤ ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ መከላከያም ከማያያዣው ተነቅሎ ተንጠለጠለ። ድምፁ ደረቅ ሸንበቆ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። በማግስቱ ላሜራ ቤት ወስደን በሪቬት አሰርነው። እስከ ግንቦት ድረስ በዚያው ቦታ ሦስት ጊዜ ተነቅሏል። በመሃሉ ሁለት ጣውላ ገዝቶ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠ፤ በገባ ቁጥር ወርዶ ያነጥፋል፣ ገብቶ ያነሳል። ከአማኑኤል እስከ ማርቆስ ያገኘውን ደስታ እዚያ በሩ ላይ ሲያራግፈው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ያልለካነው ነገር ሰው ነው። በኛ አገር መኪና ያለው ሰው መኪናው የርሱ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ሲሆን፣ የታመመ ሲኖር፣ ክርስትና ሲነሳ ዘመድ ይጫንበታል። የዚህ መኪና የኋላ ወንበር ስም ብቻ ነው፤ ከሕፃን በቀር የሚቀመጥበት የለም፤ ኮፈኑም ረጅም ሆኖ ለዕቃ የተተወው የኋላ ቦታ 226 ሊትር ነው። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። በጥምቀት ሰሞን ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሊያመጣት ሄዶ በር ከፍቶ አስገባት፤ ስትገባስ ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወደቀችበት ማለት ይቀላል፤ ቤት ሲደርሱ ግን መነሳት አቃታት። በአንድ እጇ በሩን፣ በሌላው የልጇን ክንድ ይዛ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ «ልጄ፣ ይህ ወንበር መሬት ላይ ነው፤ ቀስ ብለህ አንሳኝ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በባጃጅ ነው። ልጇ ለዚህ ያዘነውን ያህል ለፓራውልቱ አላዘነም።

በግንቦት ጎረቤቶች ተሰብስበው ቦዩ በኮንክሪት እንዲሸፈን ተስማሙ፤ ሲሚንቶውን እርሱ ገዛ፣ ሌሎቹ ድንጋይና ጉልበት አዋጡ። ሥራው አምሮ ነበር። ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ሲጠና ግን ያ 200 ሜትር ጥቁር አፈር ጭቃ ሆነ። መኪናው የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው፤ ሞተሩ ግን ከፊት ነው፤ ስለዚህ በጭቃ ላይ የሚገፉት ጎማዎች ቀላል ሆነው ይሽከረከራሉ፣ ሆዱ ደግሞ በጋሪ ከተቆፈረው የጎማ ዱካ መካከል ባለው አፈር ላይ ይተኛል። ሰኔ 12 ቀን ምሽት አምስት ሰው ገፍቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ከአስፋልቱ ዳር ግቢ ያላቸውን አንዲት እናት ለምኖ በወር ኪራይ መኪናውን እዚያ ማሳደር ጀመረ፤ ጠዋት በባጃጅ እስከዚያ ይሄዳል፣ ሸራውን ገፎ ተነሥቶ ይወጣል። ይህ ዘዴ ሠርቷል። የእኔም ግምገማ ከዚህ የመነጨ ነው፦ ይህ መኪና ለማርቆስና አማኑኤል አስፋልት ይሆናል፤ ለአስፋልቱ የተገዛ መኪና ግን ግቢ ድረስ ግባ ሲባል ይሰበራል፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቸኛ መኪና ሆኖ ሲቆም ደግሞ ከመሰበርም የከፋ ነው፣ ቤተሰቡን ከመኪና ውጭ ያደርጋል። ስሕተቱ ጂ አር 86ቱን መግዛቱ አይመስለኝም። ቪትዟን መሸጡ ነው።

ይህን ጉዳይ ሰምተው ዛሬ እንዲህ ያለ መኪና ማስመጣት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ አዲስ የቤንዚን መኪና ማስመጣት አይቻልም፤ የቀረው አገር ውስጥ ካለው ከሰው እጅ መግዛት ነው። ኤሌክትሪክ መኪና በዚያ ጊዜ ከኤክሳይዝና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር፤ ስለዚህ ግብሩ ከእርሱ 241 ብር እጅግ ያነሰ ነበር። ባትሪው የሚቀመጠው ግን ከወለሉ ሥር ነው፤ ሆዱ ሲነካ የሚጎዳው ርካሽ ፕላስቲክ አይሆንምና ጣውላውን ቆርጦ መለካት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ሲለኩም ከበሩ ጀምረው፣ ሰው አስቀምጠው፣ በክረምት ይለኩ።

በሐምሌ መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ቪትዟን መልሶ ሊገዛ ፈለገ። ገዢዋ ሉማሜ የሚኖር አስተማሪ ስለነበር አብረን ሄድን። ቪትዟ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ቆማ፣ ጭቃዋ እስከ በሯ ድረስ ደርቆ፣ የኋላ ወንበሯ ታጥፎ ማዳበሪያ እህል ተጭኖባታል። የአክስቴ ልጅ ከሸጠበት በላይ ከፍ አድርጎ ዋጋ ጠራ። አስተማሪው ቡና አስፈልቶ በአክብሮት አስተናገደን፤ ዋጋውንም እስከመጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ ሰማዩ አየት አደረገና «ክረምት ገብቶ እንዴት አድርጌ እሸጥልሃለሁ፣ ወንድሜ?» አለው።